ዋይኤምኦ በወሎ ጆሮ፦ ከየትኛው አልበም ይጀመር?

የጃፓኑን ኤሌክትሮኒክ ባንድ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራን፣ ባጭሩ ዋይኤምኦን፣ ገና ላልሰማ ሰው ምክራችን አንድ ነው፦ በ1979 የወጣውን «ሶሊድ ስቴት ሰርቫይቨር» አስቀድሙ። 8 ዘፈን ነው፤ ሁሉም ተደምሮ 32 ደቂቃ ገደማ። ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እስክትገቡ አንድ ዙር ያልቃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ባንድ በተለይ ለወሎ አድማጭ የምናቀርበው በቅኝቱ ምክንያት ነው። አምባሰልና ባቲ የአገራችን የቦታ ስሞች ናቸው፤ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋር ሆነው አራቱ ቅኝቶች ተብለው በየክራሩ ላይ ይኖራሉ። የጃፓን ባህላዊ ዜማም እንደኛው ባብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል። መመሳሰሉ ድምፅ በድምፅ ተቆጥሮ የሚገጥም ነው። ከዶ ብንነሳ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ ግማሽ ድምፅ የወረደ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ጃፓኖች ሚያኮቡሺ የሚሉት ስኬል እነዚሁኑ አምስቱን ይይዛል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ በደቡቡ በኦኪናዋ ደሴቶች የሚዘፈንበት የሪዩክዩ ስኬልም ይኸው ነው። ትዝታ ሜጀርን፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን፣ ዮናኑኪ ይሉታል፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለታቸው ነው። አንቺ ሆዬ ግን በግማሽ ድምፅ ይለያል፦ ኢዋቶ የሚባለው ስኬል አራቱን ድምፆች ይጋራና አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንቺ ሆዬ ላ ሲል እሱ ሲ ፍላት ይላል።

ይህ የድምፆች ርቀት ነው እንጂ አዘፋፈኑ አይደለም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የምትሸጋገርበት መንሸራተት በየትኛውም ስኬል ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ከዋይኤምኦ አምባሰልን እንዳለ አትጠብቁ። የምታገኙት የምታውቁትን የዜማ አጥንት ሌላ ሥጋ ለብሶ ነው። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፦ ባንዱ ዜማውን በአምስት ድምፅ ቢጀምርም ከሥሩ የሚገባው ኮርድ (ባንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች) የቀሩትን ድምፆች ይዞ ይመጣል፤ ክራር ይዞ አብሮ ለመምታት የሚሞክር ሰው መሀል ላይ «ቅኝቱ ጠፋብኝ» የሚለው በዚህ ነው።

ባንዱ በ1978 ቶኪዮ ውስጥ ተቋቋመ። ሃሩኦሚ ሆሶኖ ቤዝ፣ ዩኪሂሮ ታካሃሺ ድራምና ድምፅ፣ ሪዩኢቺ ሳካሞቶ ኪቦርድ። ሳካሞቶ በቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰት የተማረ ነው፤ ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉት ነበር። የመነሻውን ሐሳብ ያመጣው ሆሶኖ ነው። ማርቲን ዴኒ የሚባል አሜሪካዊ ፒያኒስት በ1959 «ፋየርክራከር» የሚል ቁራጭ አውጥቶ ነበር፤ ፈረንጅ ሩቅ ምሥራቅን በምናቡ የሣለበት ሙዚቃ ነው። ሆሶኖ ያንን ምናብ ከፈረንጁ እጅ ተቀብሎ፣ በጃፓናዊ እጅና በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ)፣ ዲስኮ አድርጎ ሊመልሰው አሰበ። ሌላው ስለራስህ የዘፈነውን ዘፈን መልሰህ በራስህ አቀነባብሮ ማውጣት ቀላል ድፍረት አይደለም፤ የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

በባንዱ ስም የተሰየመውን ያን አልበም ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ፤ ሁለት ዓይነት ነው። በኅዳር 1978 ጃፓን የወጣው አንዱ ሲሆን፣ በ1979 ለአሜሪካ ገበያ እንደገና ሚክስ የተደረገው ሌላው ነው። የአሜሪካው ድምፁ ደመቅ ይላል፤ «ቶንግ ፑ» ላይ የሴት ድምፅ ተጨምሮበታል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው አጭሯ «አክሮባት» ደግሞ የለችበትም። የእኛ ምርጫ የጃፓኑ ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ደረቅና ቅርብ ሆኖ ይሰማል። አልበሙ ላይ የሚሰሙት የጢውጢውታና የፍንዳታ ድምፆች የዚያን ጊዜ የመጫወቻ ቤት ጌሞችን የሚያስታውሱ ናቸው። ከዚሁ አልበም «ኮምፒውተር ጌም» በሚል ስም ነጠላ ሆኖ የወጣው ሥራ በ1980 እንግሊዝ አገር 17ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል።

አሁን ወደ ማሽኑ። በመድረክም በስቱዲዮም ከሦስቱ ጀርባ አራተኛ ሰው አለ፤ ሂደኪ ማትሱታኬ ይባላል። ሽቦ በሽቦ የሚገናኝ ትልቅ የሙግ ሲንተሳይዘር ነበረው፤ ከግዝፈቱ የተነሳ «ታንሱ» ይባል ነበር፣ ባለመሳቢያ የልብስ ሣጥን ማለት ነው። ሙጉን የሚያዘው ደግሞ ሮላንድ በ1977 ያወጣው ኤምሲ-8 የሚባል ሲኩዌንሰር፣ የድምፆችን ቅደም ተከተል ይዞ ሌላ መሣሪያ የሚያጫውት ማሽን ነው። ይህ መሣሪያ የፒያኖ ጥርስ የለውም። ያለው እንደ ሒሳብ ማሽን የቁጥር ሰሌዳ ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ነገር በቁጥር ይገባል፦ ከፍታው፣ እስከ ቀጣዩ ድምፅ ያለው ጊዜ፣ ድምፁ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ። የተጻፈው ሁሉ ካሴት ላይ ይቀመጣል።

ከፍታውን በእኛ ቅኝት ብናየው ነገሩ ወለል ይላል። አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) 12 ቁጥር ነው። ዶን 24 ብለን ብንነሳ አምባሰል 24፣ 25፣ 29፣ 31፣ 32 ተብሎ ይመታል፤ ባቲ ደግሞ 24፣ 28፣ 29፣ 31፣ 35። ክራር ቃኚ ጅማቱን እያጠበቀና እያላላ በጆሮው የሚያገኘውን እዚያ በጣት ቁጥር ይመቱታል። ጥበቡ ግን ከፍታው ላይ አይደለም፤ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። ሩብ ኖታው (አንዱ ምት) 48 ቢባል አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 12 ይሆናል። ድምፁ ሙሉውን 12 ተከፍቶ ከቆየ ድምፆቹ እንደ አኮርዲዮን ይያያዛሉ፤ 5 ወይም 6 ላይ ከተዘጋ በየመሀሉ ዝምታ ይገባና መስመሩ እንደ ፈረስ ኮቴ ይፈነጥራል። ብዙዎች «የኮምፒውተር ድምፅ» የሚሉት ያ የተቆረጠ ሩጫ የሚፈጠረው ከዝምታዋ ነው።

ምቱም እንዲሁ በቁጥር ይታጠፋል። የአገራችን ችክችካ ሩብ ኖታውን ለሦስት የሚከፍል ነው፣ 16፣ 16፣ 16። የዋይኤምኦ አብዛኛው ሥራ ለአራት የተከፈለ ነው፣ 12፣ 12፣ 12፣ 12። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሌላ አገር አለ። ሁለት ስምንተኛ ኖታ ቀጥ ብሎ ሲሄድ 24 እና 24 ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲወዛወዝ 32 እና 16። አንዱን 28 ሌላውን 20 ብታደርጉት ያልተወዛወዘም ቀጥ ያላለም፣ ትከሻ ብቻ የሚያውቀው ምት ይወጣል። «አብሶሉት ኢጎ ዳንስ» ላይ ሆሶኖ ወደ ኦኪናዋ ሙዚቃ ያዘነበለበትን አካሄድ በጥሞና ስትሰሙ ይህን መሀለኛ ስፍራ ታገኙታላችሁ። ለእስክስታ ቅርብ የሆነው የባንዱ ሥራ ይኼ ነው ብንል አላጋነንም።

ማሽኑ እንዲህ እየነዳ ድራሙ ግን ሰው ነው። ታካሃሺ የሲኩዌንሰሩን ቲክታክታ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በእጁና በእግሩ ይመታል። ምቱ ከማሽኑ ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን የእጅ ክብደት በየምቱ ይለያያል። ማሽኑ ዜማውን፣ ሰው ከበሮውን ይዟል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሠርግ ላይ የሚሰማው ኦርጋን ሥራውን የሚከፍለው በተቃራኒው ነው፦ የኦርጋኑ ስታይል ከበሮውን ይመታል፣ ሰው ዜማውን ይጫወታል። ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ዓይነት የሚመታው፤ ጭፈራው ቢደምቅም ጆሮ ይደክማል። ከዋይኤምኦ አንድ ነገር ብቻ ቢወሰድ ይህ የሥራ ክፍፍል ይወሰድ እንላለን።

ወደ «ሶሊድ ስቴት ሰርቫይቨር» እንመለስ። ሽፋኑ ላይ ሦስቱ ቀይ ልብስ ለብሰው ከአሻንጉሊት ሰዎች ጋር የማህጆንግ ጠረጴዛ ከበዋል። «ቴክኖፖሊስ» ሲጀምር ቮኮደር በሚባለው መሣሪያ የተሠራ ድምፅ የቶኪዮን ስም ይጠራል፤ ቮኮደር የሰውን አነጋገር ቅርጽ ወስዶ በሲንተሳይዘር ድምፅ ላይ የሚያሳርፍ ነው። «ራይዲን» የታካሃሺ ድርሰት ነው፤ ስሙ ራይደን ከሚባለው የጥንት ዝነኛ የሱሞ ታጋይ ጋር ይያያዛል። ግጥም የለውም፤ ዜማው ግን አንዴ ከተሰማ ከአፍ አይጠፋም። መጀመሪያ ስትሰሙት ዜማውን ተዉትና ከሥሩ የሚሮጠውን የኮቴ መስመር ብቻ ተከተሉ፤ ዜማው ለሁለተኛው ዙር ይቆያችሁ። «ካስታሊያ» የሳካሞቶ ነው፤ ዘገም ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ማታ የሚደመጥ። «ቢሃይንድ ዘ ማስክ» ደግሞ የባንዱ ሥራ ዓለምን እንዴት እንደዞረ ያሳያል፦ ሳካሞቶ ዜማውን፣ ክሪስ ሞዝዴል የእንግሊዝኛውን ግጥም ሠሩት፤ ኤሪክ ክላፕተን በ1986 አወጣው፤ የማይክል ጃክሰን ቅጂም እሱ ካረፈ በኋላ በ2010 ወጣ። የማትጠቅመን «ዴይ ትሪፐር» ናት፤ የቢትልሶችን ዘፈን ሰባብረው የገጠሙባት ናት፤ ብልሃቱ ያስደንቃል፣ ልብ ግን አይነካም። አልበሙ ጃፓን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል።

አሁን ስለ ማዳመጫው። ይህ ሙዚቃ በስልክ ስፒከር ከተሰማ ግማሹ የለም። ትንሿ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት ስለማትችል የሆሶኖ ቤዝ ይጠፋና የሚቀረው ጢውጢውታው ብቻ ይሆናል፤ «ይሄ የጌም ድምፅ ነው» ተብሎ የሚጣለውም በዚህ ነው። አንዲት የብሉቱዝ ስፒከርም ቤዙን ብትመልስ ግራና ቀኙን ታደባልቀዋለች፤ የዋይኤምኦ ሲኩዌንስ ደግሞ ግራና ቀኝ ተከፋፍሎ የሚመላለስ ነው። ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ርካሹም ቢሆን ይሻላል። ስልኩ ላይ «ቤዝ ቡስት» የሚለውን ዝጉት፤ የተቆረጡትን የቤዝ ድምፆች አድቦልቡሎ ያያይዛቸዋል፣ ያቺ ዝምታ ትሞላለች።

በፍላሽ ለሚያስጭን፦ በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ሙሉው አልበም 77 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። 31 ሜጋባይት ገደማ ከሆነ በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ነው ማለት ነው። ፋይሉን አይታችሁ ጠይቁ። በ128 ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው የሲምባሉና የጭብጨባው ጫፍ ነው፤ ውኃ የገባበት ይመስል ይንሿሿል። ዝቅተኛውን ፋይል ወደ 320 ቀይሮ የሚሰጥም አለ፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም።

የመድረክ ሥራቸውን ለሚፈልግ «ፐብሊክ ፕሬዠር» በ1980 ወጥቷል። አብሯቸው የዞረው የጊታሪስቱ ካዙሚ ዋታናቤ ድምፅ ግን በሸክላ ኩባንያ ውል ምክንያት ተቆርጦ ወጥቶ በሳካሞቶ ሲንተሳይዘር ተተክቷል። ጊታሩ ያለበትን የምትፈልጉ በ1991 የወጣውን «ፌከር ሆሊክ» ያዙ፤ ከሁለቱ እሱ ይበልጣል። «መልቲፕላይስ» የተባለው የ1980 ሥራ በዘፈኖቹ መሀል በጃፓንኛ ቀልድ የተሞላ ስለሆነ ለእኛ መዝለል ይቻላል።

በእኛ ሚዛን የባንዱ ቁንጮ ግን 1981 ነው። በዚያ ዓመት «ቢጂኤም» እና «ቴክኖዴሊክ» ተከታትለው ወጡ፤ ሁለቱም ጨለም ያሉ፣ ለጭፈራ የማይቸኩሉ ናቸው። «ቢጂኤም» ላይ ባለው «1000 ናይቭስ» ቲአር-808 የሚባለውን የከበሮ ማሽን ጭብጨባ ስሙ። ያ ጭብጨባ የተቀዳ እጅ አይደለም፤ መሣሪያው ጥቂት አጫጭር የሹክሹክታ ፍንዳታዎችን በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ልዩነት አከታትሎ ከኋላ የክፍል ማሚቶ የሚመስል ጅራት ይጨምርበታል። ለምን እንደዚያ? መንዙማ ላይ የተቀመጠ ሰው መልሱን ያውቃል፦ የብዙ ሰው እጅ መቼም በአንድ ቅጽበት አይገጥምም፤ ያቺ ትንሽ መቀዳደም ናት ጭብጨባውን የሕዝብ የምታደርገው።

«ቴክኖዴሊክ» ደግሞ ቅንጭብ ድምፅ ቀድቶ እንደ መሣሪያ በመጫወት ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ አልበሞች አንዱ ነው። ለዚሁ ሥራ ኤልኤምዲ-649 የሚባል ሳምፕለር ኬንጂ ሙራታ የተባለ መሐንዲስ ሠራላቸው። ከአንድ ሰከንድ ብዙም የማይበልጥ ድምፅ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ አንድ ቃል፣ አንድ ምት፣ የባሊ ደሴት ወንዶች ኬቻክ ሲጨፍሩ የሚያሰሙትን አንድ ጩኸት ይቀዱና በምቱ ላይ ይደጋግሙታል። ማጠሩ ነው የጠቀማቸው፤ ረጅም ቢቀዱ ኖሮ የሌላውን ዜማ ይገለብጡ ነበር። ወሎ ውስጥ በስልክ ሙዚቃ የሚያቀናብር ወጣት ካለ ከዚህ አልበም የሚማረው ይህን ነው፦ ከማሲንቆ ላይ አንድ ሙሉ ዘፈን ሳይሆን አንድ የቀስት ጭረት ብቻ ውሰድ።

ለመሞከር የሚፈልግ እንዲህ ያድርግ። በኦርጋኑ ላይ ስታይሉን ዝጉ። ከድምፆቹ ስኩዌር የሚለውን ምረጡና ሪቨርቡን (ማሚቶውን) ዜሮ አድርጉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 120 ላይ አስቀምጡ፤ በዚህ ፍጥነት አንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 125 ሚሊሰከንድ ነው። የአምባሰልን አምስት ድምፆች በኦርጋኑ መቅጃ ወይም በስልክ ሲኩዌንሰር አስገቡ፤ የእያንዳንዱን ርዝመት ወደ 60 ሚሊሰከንድ ቁረጡት። ከዚያ ከበሮ መቺው በጆሮ ማዳመጫ ሜትሮኖሙን እየሰማ ይምታ።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከበሮ መቺው የብሉቱዝ ማዳመጫ ካደረገ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ መዘግየቱ 200 ሚሊሰከንድ ቢሆን እንኳ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ኖታ ይበልጣል፤ መቺው ጎበዝ ቢሆንም ሁሌ ወደኋላ ይቀራል። ገመድ ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ከበሮው ችክችካ ሲኩዌንሱ በአራት የተከፈለ ከሆነ በየምቱ ይጋጫሉ፤ ሲኩዌንሱን ለሦስት መክፈል እንጂ ከበሮውን ማጠፍ አያዋጣም። ሦስተኛ፣ ክራሩ። ክራር በጆሮ ሲቃኝ ሬ ፍላቱና ላ ፍላቱ ከኦርጋኑ በትንሹ ሊወርዱ ወይም ሊወጡ ይችላሉ። በቅጂ ላይ ለመምታት ከሆነ በቃኚ አፕ ሳይሆን በቅጂው የመነሻ ድምፅ ቃኙ፤ ከሸክላ ወይም ከካሴት የተገለበጠ ፋይል ፍጥነቱ ትንሽ የተዛባ ሊሆን ስለሚችል አፑ «ትክክል» ያለው ክራር ከዘፈኑ ጋር ይጣላል።

አኮርዲዮንን ከሙግና ዲኤክስ7 ከሚባለው ሲንተሳይዘር ጋር ያዋሐደው የ1985ቱ የኃይሉ መርጊያ ካሴት ይህ መንገድ ለእኛ ዜማ እንግዳ እንዳልሆነ ቀድሞ አሳይቷል፤ ከ«ራይዲን» ቀጥላችሁ ስሙት።

የቀረው ቶሎ ይባላል። በ1983 «ኖቲ ቦይስ» ሲወጣ ለስላሳ የፖፕ ዘፈን ሆነው መጡ፤ ድምፅ የሌለበት ቅጂውም ስላለ አቀናባሪ ያንን ይያዝ። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሰርቪስ»ን አውጥተው ተበተኑ። በ1993 ተመልሰው «ቴክኖዶን»ን ሠሩ፤ ስሙን በነፃ መጠቀም ስላልቻሉ ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም በኤክስ ምልክት ተሰርዞ ይታያል፤ የተበላሸ ወይም የሐሰት ቅጂ መስሏችሁ አትተዉት። ታካሃሺ በጥር 2023፣ ሳካሞቶ በመጋቢት 2023 ዐረፉ።

ከባንዱ ውጪ ሁለት ነገር ጨምሩ። የሳካሞቶ «ራየት ኢን ሌጎስ» በ1980 የወጣ ነው፤ ከናይጄሪያዊው ከፌላ ኩቲ ሙዚቃ የተቀዳ መንፈስ በማሽን ሲሄድ ይሰማበታል። «ኒዮ ጂዮ» የ1987 አልበሙ ነው፤ የኦኪናዋ ሴቶች ይዘፍኑበታል። ክራራችሁን ባቲ ቃኝታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡና ሴቶቹ ሲገቡ የመጀመሪያውን ጅማት ከመነሻቸው ድምፅ ጋር አስማሙ።